ጆሮውን አሳዩኝ

ክቡራትና ክቡራን፤

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ማሽኖቹን ወደ ግድግዳ ገፍታችሁ፣ ባነር አልብሳችሁ፣ ይህን የማስታወቂያና የኅትመት ቤታችንን አዳራሽ ስላስመሰላችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሽታው ግን አልለቀቀም። ወጡ ቀለም ቀለም ቢላችሁ ምግብ ሠሪዎቹን አትቆጡ፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ የበላሁት ምሳ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚለው።

ከአምደወርቅ በሚኒባስ ተጭናችሁ የመጣችሁ ደንበኞቻችን፣ በተለይም የማር አምራቾች ማኅበር ሊቀ መንበር ቄስ ገብረ አምላክ፣ ለእኔ ብላችሁ ያን ሁሉ አቧራ ስለቻላችሁ ዋጋችሁን እሱ ይክፈላችሁ። ጋቢውን ያለበሳችሁኝ የሥራ ባልደረቦቼም እንዲሁ። የመረጠችው ጸሐይነሽ መሆኗን ሳትነግሩኝ አውቄዋለሁ። ገንዘብ ያዥ ሆና እንዲህ ያለ ወፍራም ጋቢ እንዲገዛ ስትፈቅድ ያየኋት ዛሬ ብቻ ነው።

የድርጅታችን ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ አቶ ወንዳወቅ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይመስገኑ። ቅድም እንዳያችሁት ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ይህን ትልቅ ፍሬም በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በሁላችሁ ፊት ሰጥተውኛል። ውስጡ ያለው የድርጅታችን የ«ሦስት ቀለም» አዲሱ ሎጎ ነው። አጨብጭባችኋል። እኔም በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው እያላችሁ በዓይን የምትጠቅሱኝ ተዉኝ፤ ንግግሬ እስኪያልቅ ከእቅፌ አይወርድም። ዛሬ ከዚህ ቤት ሳልይዝ የማልወጣው አንድ ነገር አለ። እሱን ስታውቁ ለምን እንዳቀፍኩት ይገባችኋል።

አቶ ወንዳወቅ ሲናገሩ ምን አሉ? እታገኝ ዝምተኛ ናት፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ሰው ዝም የሚለው ሁልጊዜ የሚናገረው አጥቶ ነው እንዴ? አንዳንዱ ቀን ጠብቆ ነው። የእኔ ቀን ዛሬ ነው።

በስንብት ላይ «ያስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ፣ እኔም ይቅር ብያለሁ» ይባላል። ወጉ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ይቅር አላልኩም። ቂም አለኝ። ቂሜን እንደ ሊጥ ሸፍኜ አስቀምጬ፣ ኩፍ እስኪል ጠብቄ፣ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ። ቄስ ገብረ አምላክ፣ አይቆጡኝ፤ ንስሐው ለነገ ይቆየኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እርስዎም ሰምተው የለ?

እስቲ ከሥራችን ልነሣ።

ሰው ሎጎ መሥራት ቀላል ይመስለዋል። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ነው ነገሩ። ደንበኛ ይመጣል፤ ገና ሳይቀመጥ አንድ ሎጎ ቶሎ አድርጊልኝ ይላል። እኔ የምጠይቀው ግን ብዙ ነው። ወደ ሱቅህ የሚመጣው በእግሩ ነው በባጃጅ? ፊደል ይቆጥራል? ለጎረቤቱ በስልክ ቤትህን ሊጠቁመው ቢፈልግ ምን ይለዋል? «በሩ ላይ ማረሻ የተሣለበት ቤት ግባ» ማለት ከቻለ ምልክቱ ሠርቷል። «አንድ ክብ ነገር አለ፣ ምኑንም አላወቅሁት፣ ብቻ ያብረቀርቃል» ካለ ሎጎው ገና ሳይሰቀል ሞቷል።

ማኅተምም አለ። እዚህ አገር ማኅተም የሌለው ድርጅት የለም፤ ሎጎ ሁሉ አንድ ቀን ማኅተም ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ያ ሁሉ ቀለም፣ ያ ሁሉ ጥላና ብርሃን፣ ሰማያዊ ቀለም ተነክሮ ወረቀት ላይ ሲመታ ምን ይመስላል? የተጨፈለቀ ዝንብ። እኔ ሥዕሌን ለደንበኛ ከማሳየቴ በፊት አሳንሼ፣ በአንድ ቀለም አትሜ፣ እጄን ዘርግቼ ከሩቅ አየው ነበር። ትንሣኤ ምስክሬ ነው። ማሽኑ ላይ ቆሞ «ደግሞ አሳነሰችው!» እያለ ስንት ጊዜ አማርሮኛል።

ሥራ ሁሉ ደግሞ የየራሱ ጠባይ አለው። የዳቦ ቤት ምልክት ገና ጎህ ሲቀድ በጭላንጭል መታየት አለበት። መድኃኒት ቤት የሚመጣው ሰው ተጨንቆ ነው የሚመጣው፤ ምልክቱ ሊጮህበት አይገባም። የትምህርት ቤት ከሆነ መጽሐፉም፣ ችቦውም፣ ፀሐይዋም፣ እርግቧም ካልገባች ብሎ የሚሟገት ርእሰ መምህር አይጠፋም፤ እሱን ምሳ በልቶ በጠገበበት ሰዓት ነው ማነጋገር።

የተከዜን አሳ ነጋዴዎች ታስታውሳላችሁ? ያን ጊዜ እኔ ለቅሶ ሄጄ ነበር። አቶ ወንዳወቅ ከኢንተርኔት አንድ አሳ አውርደው አተሙላቸው። ቀይ ነው፣ ከውሃው በላይ ይዘላል፣ ጥርስ አለው! አሳ ነጋዴዎቹ አዩትና ይህን ማን አጠመደው ብለው ጠየቁ። ተከዜ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ እኔ ሰቆጣም አልቆይ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወልድያ እገባ ነበር።

የዘመነ ሥጋ ቤት ደግሞ አለ። ሳቃችሁን ትንሽ አቆዩልኝ፣ የማያውቁ እንግዶች አሉ። ዘመነ ሥጋ ቤት ሲከፍት ወደ እኛ መጣ። የክርስቲያን ሥጋ መሆኑ እንዲታወቅ መስቀል ይግባበት አለ። ልክ ነው፣ የሥራው ደንብ ነው። እኔ የበሬ ራስ ሣልኩለት፤ በቀንዶቹ መካከል የጉልላት መስቀል አቆምኩ። አቶ ወንዳወቅ አዩትና በዛ አሉ። ሎጎ ቀላል ሲሆን ነው የሚያምረው ብለው በሬውን አጠፉት። ጉልላቱንም አጠፉት። በነጭ ክብ ውስጥ ቀጥ ያለ ቀይ መስቀል ብቻ ቀረ። ታፔላው እንዲያ ሆኖ ተሰቀለ።

በገበያ ቀን አንድ ሰው ከገጠር የታመሙ እናቱን ደግፎ መጣ። ታፔላውን አየ፣ ገባ፣ እናቱን አግዳሚው ላይ አሳረፈ። ፊት ለፊቱ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«ዶክተር፣ ካርድ የት ነው የሚወጣ?» አለ።

ዘመነ ዞር አለ። ጋወኑ ደም በደም ነው፤ በእጁ ያ የምታውቁት ቢላዋ አለ። አሮጊቷ ከልጃቸው ቀድመው በሩ ጋ ደረሱ ይባላል። ታመው ገብተው ድነው የወጡበት ሥጋ ቤት እሱ ብቻ ነው። ዘመነ መቼም ሰው ነው፤ ጋወኑን አውልቆ ተከትሏቸው ሮጦ፣ አረጋግቶ ሆስፒታሉ በር ድረስ አደረሳቸው። ሲመለስ ግን ታፔላውን ነቅሎ አምጥቶ እዚህ ደጃፍ ላይ ወረወረልን።

ከዚያ ማን አስተካከለው? እኔ። የመጀመሪያውን በሬዬን መልሼ ሰቀልኩ። ዘመነ ሊያመሰግን ሲመጣስ ማን ወጥቶ ምስጋናውን ተቀበለ? አቶ ወንዳወቅ። አሰብኩበትና በሬውን መለስኩልህ አሉት። እኔ በመስኮቱ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ያን ቀን ስቄ አለፍኩት።

የማሩ ግን አላሳቀኝም።

ቄስ ገብረ አምላክ፣ ያን ቀን የመጡት ንብ ሣይልን ሊሉኝ ነበር። ማር ያለው ሁሉ ንብ ይላል፣ የእርስዎን ንብ ከሌላው ንብ በምን ይለዩታል አልኩዎት። ተቀየሙኝ መሰለኝ። ቢሆንም ተቀመጡ። ከዚያ፣ ገዢ ማራችሁ ስኳር እንዳልገባበት በምን ያውቃል ብዬ ጠየቅሁዎት። እርስዎም ማንኪያ እንደያዘ ሰው እጅዎን ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ጥሩ ማር አይንጠባጠብም፤ እንደ ክር ሳይበጠስ ይወርድና ከሥሩ ይጠቀለላል። እሱን ነው የሣልኩት። ማንኪያ፣ ክር፣ ጥቅል። በነጭ። የእኛ አገር ማር ነጭ ነዋ!

አቶ ወንዳወቅ ያመጡት ቢጫ ነበር፤ የንብ ሰፈፍ ነው፣ ዓለም ማርን የሚያውቀው በቢጫ ነው አሉ። ዕቃው ውስጥ ያለው ነጭ፣ ዕቃው ላይ የተሣለው ቢጫ። ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ። ገዢው ተቀይሮብኛል ብሎ ክዳኑን ሳይከፍት ይመልሰው የለም? በስንት ክርክር የኔው አለፈ።

ከዚያ ያ ምልክት በባዛር ላይ ተሸለመ። ትንሣኤና እኔ እዚሁ፣ ያ ማሽን የቆመበት ቦታ ላይ ሆነን በቴሌቪዥን እናያለን። አቶ ወንዳወቅ ሰርተፊኬቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ቆመዋል። ጋዜጠኛዋ ይህን ማን ሠራው አለቻቸው። ሐሳቡም የኔ፣ እጁም የኔ አሉ። ባልደረቦችስ የሉዎትም ወይ ስትላቸው ምን መለሱ?

«ጽሑፍ የምታሳምርልን አንዲት ልጅ አለች።»

ልጅ! የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ። በሥነ ጥበብ ትምህርት ተመርቄ፣ አዲስ አበባ መቅረት ስችል፣ አገሬ ላይ ልሥራ ብዬ ነው የተመለስኩት። መብራት በጠፋባቸው በእነዚያ ረጅም ወራት፣ ማሽኑ ሁሉ ሞቶ ሳለ፣ ይህ ቤት በምን ቆመ? በእነዚህ እጆች። ታፔላ ሁሉ በብሩሽ የተጻፈው በማን ነበር? ያን ጊዜ ልጅ አልነበርኩም፤ ያን ጊዜ «እታገኝዬ» ነበርኩ።

ሲመለሱ ቢሯቸው ገብቼ ጠየቅኋቸው። አልጮህኩም። ስሜን አንድ ጊዜ ቢጠሩት ምን ይጎድልብዎታል ነው ያልኳቸው። የመለሱልኝን ቃል በቃል ነው የያዝኩት፤ እስከ ዛሬ ከእሱ ጋር ነው የምተኛው።

«እታገኝ፣ ቤቱ የኔ፣ ኮምፒውተሩ የኔ፣ መብራቱ የኔ። ከኔ ቤት የወጣ ሁሉ የኔ ነው።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ያን ቀን ነው ዝምታዬ የጀመረው።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል። ዓርብ ማታ የጀመርኩትን ሥዕል ኮምፒውተሬ ላይ ትቼ እሄዳለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሰው በሌለበት ይመጣሉ፣ ይከፍታሉ፣ ይወስዳሉ። ሰኞ ደንበኛው ፊት ያቀርቡታል። ምን ማለት እንደሆነ እንኳ መጥተው አይጠይቁኝም። ትርጉሙን ከራሳቸው ያወጡለታል። አቶ ወንዳወቅ፣ አይነሡ፣ ይቀመጡ እንጂ። ጸሐይነሽ፣ ለጋሼ ውሃ አቅርቢላቸው። ጥቂት ነው የቀረኝ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ልንገራችሁ።

አባቴ ምንዋጋው የፃግብጂ ሰው ነበር። ከአማርኛው ይልቅ ኽምጣንጋው ይቀናው ነበር፤ ሲቆጣ በኽምጣንጋ፣ ሲያስታርቅ በአማርኛ ነበር የሚናገረው። ሀብቱ ፍየል ነው። በእኛ ቀዬ የሁሉ ቤት ፍየል በአንድ ገደል ነው የሚሰማራ፤ ማታ ሲገባ ይደባለቃል። ታዲያ የማን የማን እንደሆነ በምን ይለያል? በጆሮው። ግልገል ትንሽ ጠንከር ሲል የየቤቱ ምልክት ጆሮው ላይ ይቆረጣል። የአንዱ ቤት ይሰነጠቃል፣ የሌላው ይበሳል። የአባቴ ቤት ምልክት ከአያቱ የመጣ ነው፤ የጆሮው ጫፍ ቀጥ ብሎ ይቆረጥና በጎኑ ሁለት ቦታ እንደተነከሰ ተደርጎ ይሸረፋል።

ስለ ሎጎ እኔን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት ብቻ አይመስላችሁ። ከሩቅ የሚታይ፣ ቀለም የማይፈልግ፣ ማንበብ የማያስፈልገው፣ ከሌላው ጋር የማይምታታ ምልክት እኔ መጀመሪያ ያየሁት ፍየል ጆሮ ላይ ነው።

ሕግም አለው። ፍየልህ ከሰው በረት ቢገኝ ሄደህ አትጮህም። ሰው የሚሰበሰብበትን ቀን ትጠብቃለህ። ማኅበርም ይሁን ተዝካር፣ ብቻ ሽማግሌ ያለበት ይሁን። እዚያ ላይ ቆመህ አንድ ቃል ትናገራለህ፤ «ጆሮውን አሳዩኝ» ትላለህ። ያ ሰው ፍየሉን በገዛ እጁ አውጥቶ በሰው ፊት ያስረክባል። ሽማግሌው ጆሮውን አይቶ የማን ቤት እንደሆነ ይናገራል። በቃ፣ አለቀ። በገዛ እጁ ያስረከበ ሰው ሌባ አይባልም። ከእንግዲህ ግን ፍየሉን ጠብቅልኝ ብሎ የሚሰጠው አይገኝም።

አሁን ሁላችሁም ወደ ፍሬሙ ማየት ጀመራችሁ። ጎበዞች ናችሁ።

ዘንድሮ ድርጅታችን አዲስ ሎጎ ያስፈልገዋል ተባለ። አቶ ወንዳወቅ እኔ አስብበታለሁ አሉ። እሳቸው ሲያስቡ እኔ ነኝ የምደክመው፤ አውቃለሁ። እና ዓርብ ማታ አንድ ሥዕል ብቻ ኮምፒውተሬ ላይ ትቼ፣ ስክሪኑን እንኳ ሳላጠፋ ወጣሁ። የአባቴን ቤት ጆሮ ነው የሣልኩት። አምሮ እንዲታይ አረንጓዴ ቀለም ሰጠሁት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኔ አጥሩን ራሴ ከፍቼ ጠበቅሁ።

ቅዳሜ ጠፋ። ሰኞ ጠዋት ሁላችንንም ሰበሰቡን። ያን ንግግር ያልሰማ ከመካከላችን የለም፣ ለእንግዶቹ ስል ነው የምደግመው። ይህ ቅጠል ነው አሉ። ልማትን ያመለክታል። ጫፉ መቆረጡ ትሕትናን ነው። ጎኑ ላይ ያሉት ሁለት ጥርሶች አንዱ ማስታወቂያ፣ አንዱ ኅትመት ነው። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ፤ መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ አልኩ በልቤ።

ትንሣኤ ስቲከሩን ሲያትም፣ እታገኝ ይሄ የምን ዛፍ ቅጠል ነው አለኝ። ቆይ፣ ሲያፈራ ታየዋለህ አልኩት። ይኸው አፈራ።

ከዚያ ሎጎው ባጃጆች ላይ ተለጠፈ፣ ታፔላው ላይ ወጣ፣ ማኅተሙ ውስጥ ገባ። ቲሸርት ሆኖ ዛሬ በባልደረቦቼ ሁሉ ደረት ላይ አለ። አቶ ወንዳወቅ ያንን ቲሸርት ለብሰው ገበያ ወጡ። ከፃግብጂ የመጣ አንድ ሽማግሌ አስቆማቸውና ደረታቸውን ትኩር ብሎ አይቶ «አንተ፣ የምንዋጋው ቤት ነህ እንዴ?» አላቸው። የለም፣ የድርጅቱ ባለቤት ነኝ አሉት። ሽማግሌው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። አቶ ወንዳወቅ ተመልሰው መጥተው ምን አሉን? ሕዝቡ ሎጎአችንን ወዶታል፣ የሚያየው ሁሉ ይስቃል አሉ። የፍየል ነጋዴ ሁሉ የአባቴን ፍየል ጆሮ አውቆ ሲስቅባቸው፣ እሳቸው እጅ እየነሡ ሲያልፉ ነው የከረሙት።

እሱን ስሰማ ደስ አለኝ። ምን ያስዋሸኛል፣ በጣም ደስ አለኝ።

አንድ ሰው ግን አልሳቀም። ወንድሜ ምስጋናው ለገበያ መጥቶ ባጃጁ ላይ አየው። ቤቴ መጣና ሳይቀመጥ ተናገረኝ።

«የአባታችንን ጆሮ ለሌባ ሰጠሽው? ነገ የኔ ነው ቢልሽ በምን ትመልሺዋለሽ? ምስክር የሚሆን አንድ ፍየል እንኳ የለንም እኮ።»

እውነቱን ነበር። በዚያ መብራት በጠፋበት ክፉ ዘመን ፍየሎቻችን አለቁ። አባቴም አለፈ። ያ ምልክት ያለበት ፍየል ዛሬ ፃግብጂ ውስጥ አንድም የለም። የቀረው ይኸው እዚህ የተሣለው ብቻ ነው። እኔ ዝም ብዬ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ አልቅሼና ሳቅ ብዬ ብሰናበታችሁ የአባቴ ቤት ምልክት የአቶ ወንዳወቅ ሆኖ ይቀር ነበር። በሬውን ወሰዱ፣ ችያለሁ። ማሩን ወሰዱ፣ አልቻልኩም፣ ግን አድሬያለሁ። ይህን ግን ጥዬ አልሄድም። ቅድም ሳልይዝ አልወጣም ያልኳችሁ ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሰው የሚሰበሰብበትን ቀን ጠበቅሁ። ሥራዬን እለቃለሁ አልኩ። ጸሐይነሽ መጥታ ከጋቢው ሌላ ጋሼ ምን ይስጡሽ ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልፈልግ፣ አዲሱን ሎጎ በፍሬም አድርገው በገዛ እጃቸው ይስጡኝ አልኳት። ነገረቻቸው። ወደደችው ማለት ነው ብለው ተደሰቱ አሉ። በደህና እንጨት ነው ያሠሩት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከአምደወርቅ እንግዶቹ ይምጡልኝ ያልኩትም እኔ ነኝ። ቄስ ገብረ አምላክ ወደ አምደወርቅ ከመዛወራቸው በፊት የእኛ ቀዬ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። የአባቴን ፍየል ጆሮ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ቅድም ፍሬሙ ሲገለጥ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ያስጠጉት ጉንፋን ይዟቸው አይደለም።

እንግዲህ ቄስ ገብረ አምላክ፣ አባቴ በሕይወት ቢኖር እሱ ነበር የሚጠይቅዎት። እኔ በእሱ ፈንታ ቆሜያለሁ። ይኸው፣ ወደ ብርሃኑ አዞርኩልዎት። ይህ ጆሮ የማን ቤት ነው?

ከኋላ ያላችሁ አልሰማችሁ ይሆናል፤ ልድገምላችሁ። «የምንዋጋው ነው» ነው ያሉት።

አለቀ።

አቶ ወንዳወቅ፣ ከእርስዎ ጋር የቀረን አንድ ነገር ነው። ከኔ ቤት የወጣ ሁሉ የኔ ነው ብለውኝ ነበር። ያ የእርስዎ ሕግ ነው። የአባቴ ሕግ ደግሞ ምልክቱ ያለበት ሁሉ የባለ ምልክቱ ነው ይላል። በእርስዎ ሕግ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ በአባቴ ሕግ እንለያይ። እርስዎ ሌባ አይደሉም። ማንም እንዲያ እንዳይልዎት፣ እኔ ነኝ የምቆጣው። በገዛ እጅዎ፣ በሽማግሌ ፊት፣ እየተጨበጨበልዎት መልሰዋል። የቀረውን እነዚህ ደንበኞች ይወስኑ፤ ከእንግዲህ ፍየላቸውን ለማን እንደሚሰጡ እኔ አልነግራቸውም።

ለደንበኞቻችን የምነግረው አለኝ። የራሴን ቤት ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ልከፍት ነው። በሩ ላይ የሚሰቀለው ይኸው ነው። በዚህ ከተማ ባጃጅ ሁሉ ላይ አስቀድሞ ስለተለጠፈልኝ አመሰግናለሁ፤ አንድም ገና ያልከፈተ ሱቅ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አግኝቶ አያውቅም። አቶ ወንዳወቅ፣ ቢያወርዱት ድካሙ የእርስዎ፣ ቢተዉት ማስታወቂያው የእኔ ነው። እንዳሻዎ።

ባልደረቦቼ፣ ቲሸርቱን ለማውለቅ አትቸኩሉ፤ ብርድ ይመታችኋል። ያን ምልክት የያዘ ሁሉ ከአባቴ በረት ይቆጠራል። ሥራ የሚያንሰው ቢኖር ደጄ ክፍት ነው። ትንሣኤ፣ አንተ ከመጣህ ሥዕሉን ሁልጊዜ እንደማሳንሰው አውቀህ ና። እዚያ የሚሠራ ሰው ሥራው ላይ ስሙ ይጻፋል። ትንሽም ብትሆን በጥጉ ላይ ትጻፋለች።

እንግዲህ ምርቃት ነው የቀረኝ፤ ከቂሜ ጋር አታምታቱት፣ ይህ ከልቤ ነው። ማሽናችሁ አይሰበር፣ መብራታችሁ አይጥፋ። የምትሠሩት ሁሉ ከሩቅ የሚታይ ይሁን። ዘመነ ገበያው ይድራ፣ በሽተኛ አይምጣበት። የአምደወርቅ ንቦች አበባ አይጡ፣ ማራችሁ እንደ ክር ሳይበጠስ ይውረድ። ልጆቻችሁ የእጃቸውን ፍሬ በስማቸው ይጥሩት። ቄስ ገብረ አምላክ፣ ዕድሜዎን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው፤ የሚያስታውስ ሰው አያሳጣን። አቶ ወንዳወቅ፣ ለእርስዎም አለኝ፦ እግዚአብሔር ዓርብ ማታ የራስዎን ሥዕል ጀምረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሲመጡ ከቦታው የሚያገኙበትን ዘመን ይስጥዎ።

በሉ ብሉ፣ ጠጡ፤ እኔ መንገደኛ ነኝ። ምስጋናው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። አንድ ነገር አደራ ብሎኛል።

ፍየሌን ልንዳ።